በከተማ ዳር ብዙ ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን መከታተል፦ ለአስተባባሪ ነርሶች የአሠራር መመሪያ

አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ዕድሜያቸውን መሀል አዲስ አበባ ያሳለፉ ብዙ አረጋውያን ዛሬ የሚኖሩት እነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ነው። ሰፈራቸው ሲፈርስ ወይም ለልጆቻቸው ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው አብረው ወጡ። የሕክምና ካርዳቸው ግን እዚያው መሀል ከተማ ቀረ። ለስኳር አንድ ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ለልብ ሌላ። ለዓይን ምኒልክ ሆስፒታል። ጉልበታቸውን ሲጠዘጥዛቸው ደግሞ ከብሎኩ ሥር ካለው ፋርማሲ ማስታገሻ ይገዛሉ። አንዱ ሐኪም የሌላውን ማዘዣ አያየውም። ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያይ ሰው የለም።

ይህን ሥራ ከነርስ የተሻለ የሚሠራው የለም ብዬ አምናለሁ። በሌላ አገር ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ነው። አሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ቻድ ቦልት በቀረጹት አሠራር አንዲት ነርስ ከ50 እስከ 60 አረጋውያንን ትይዛለች። ቤታቸው ሄዳ ታያቸዋለች፣ ከሐኪማቸው ጋር እቅድ ታወጣለች፣ በየወሩ ትከታተላለች። እኛ ጋ ደግሞ ጤና ጣቢያ አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፣ የቤተሰብ ጤና ቡድን አለ። ሥራው በእነዚህ ላይ ተደግፎ ሊሠራ ይችላል።

መመሪያው ለነርሶች ነው። እናት አባታቸውን የሚያስታምሙ ልጆችም ቢያነቡት ከነርሷ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቁበታል። ሐሳቡ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እማማ እንበላቸው። 74 ዓመታቸው ነው። ስኳር፣ ግፊትና ልብ ድካም አለባቸው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጅቷ ሳይነጋ ለሥራ ወጥታ የምትመለሰው ሲመሽ ነው።

1. ማንን እንደምትይዙ ለዩ

ሁሉንም አረጋዊ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ የጤና ጣቢያውን የስኳርና የግፊት መዝገብ ይዛችሁ ተቀመጡ። ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት መካከል ሦስትና ከዚያ በላይ የቆየ ሕመም ያለባቸውን ፈልጉ። በቀን አምስትና ከዚያ በላይ ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱትን ጨምሩ። ባለፉት 6 ወራት ሆስፒታል ተኝተው የወጡ፣ በዓመቱ ውስጥ የወደቁ፣ ቀጠሮ ደጋግሞ ያለፋቸውም ይግቡ። ከእነዚህ ውስጥ ብቻቸውን የሚውሉትን አስቀድሟቸው።

መዝገቡ ላይ የሌለውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታውቃለች። ከቤት መውጣት ያቃታቸውን በየብሎኩ ትነግራችኋለች። የእድር ጸሐፊም ጥሩ ምንጭ ነው። "ድሮ ለቅሶ የማይቀሩ፣ አሁን ግን የጠፉ እነማን ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁት። ጤና ጣቢያ ብቅ ብለው የማያውቁ ሰዎች የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ሌላ ሥራ ደርባችሁ የምትሠሩ ከሆነ በጥቂት ሰው ጀምሩ። ሰባት ስምንት ሰው በደንብ ይዞ ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። ስሙ ተመዝግቦ ማንም የማይደውልለት አረጋዊ ካልተመዘገበው ይብስበታል። አለሁ የሚለው ሰው እንዳለ ያስባልና።

2. የመጀመሪያው የቤት ጉብኝት

ሳትደውሉ አትሂዱ። የሚያስታምማቸው ሰው ቤት በሚሆንበት ቀን ቅጠሩ። ለብዙ ቤት ይህ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ነው። ስትደርሱ የግፊት መለኪያውን ከቦርሳ ለማውጣት አትቸኩሉ። ተቀመጡ። ቡና ከተፈላ አንድ ስኒ ጠጡ። ስለ ድሮ ሰፈራቸው ጠይቁ። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም። ሲያወሩ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነ፣ ይሰሟችሁ እንደሆነ፣ ነገር ይጠፋባቸው እንደሆነ እያያችሁ ነው።

ከዚያ ትልቁን ጥያቄ ጠይቁ። "እማማ፣ ምን ቢሻልዎ ነው ደስ የሚልዎት?" መልሱ "ስኳሬ 130 ቢሆንልኝ" አይሆንም። "ወር በገባ በ12 ሚካኤልን መሳለም" ይሆናል። "የልጅ ልጄ ሠርግ ላይ በእግሬ ቆሜ መመረቅ" ይሆናል። በቃላቸው ጻፉት። እቅዱ በሙሉ የሚሠራው ከዚህ ተነስቶ ነው። መድኃኒቱን የሚውጡት፣ ጨዉን የሚቀንሱት፣ ደረጃውን የሚለማመዱት ለዚህ ሲባል እንደሆነ ሲገባቸው ሥራችሁ ግማሽ ያልቃል።

ስለ ሕመማቸው ስትጠይቁ ግን መልሱ ቀላል አይሆንም። የእኛ ሰው "እንዴት ነዎት?" ሲባል "ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ" ይላል። እግሩ አብጦም ይላል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ የሚጨበጥ ነገር ይያዝ። ትናንት ማታ ስንት ጊዜ ለሽንት ተነሱ? ስንት ትራስ ደርበው ተኙ? ደረጃውን ሲወጡ የት ላይ ያርፋሉ? ባለፈው ሳምንት የትኛው ጫማ ጠበበዎት? ምሳ ምን በሉ፣ ማን አቀረበልዎ?

የዓለም ጤና ድርጅት አረጋውያን ላይ እንዲታዩ የሚመክራቸው ስድስት ነገሮች አሉ፤ የማስታወስ ችሎታ፣ እንቅስቃሴ፣ አመጋገብ፣ ዓይን፣ ጆሮና ስሜት። አንዱንም አትዝለሉ። የዓይን ሞራ ያለባቸው እናት የኢንሱሊን መርፌ መስመር አያዩም። ጆሯቸው የደከመ አባት ሐኪሙ ያለውን ሁሉ "እሺ" ብለው ይወጣሉ። ስሜትን ስትጠይቁ ሁለት ነገር ይበቃል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልብዎ ከፍቶት ሰነበተ? ድሮ ደስ የሚልዎ ነገር አሁን አልጥም አለዎት? አንዱን እንኳ አዎ ካሉ ጊዜ ሰጥታችሁ አዳምጡ፣ ለሐኪሙም ንገሩ። ከሰፈር ወጥቶ፣ ከእድሩና ከማኅበሩ ተነጥሎ፣ አራት ግድግዳ ውስጥ መዋል ሰውን ይሰብራል።

እንቅስቃሴን ለማየት ወንበር፣ 3 ሜትርና ሰዓት ይበቃል። ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ አደጋ አለ። ግፊታቸውን ደግሞ አምስት ደቂቃ አስተኝታችሁ ለኩ፤ ከዚያ አቁማችሁ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙ። ሲቆሙ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ "ስነሳ ያዞረኛል" የሚሉበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ያን ለሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳታድሩ።

በመጨረሻ ቤቱን አብራችኋቸው ዙሩ። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ራሳችሁ ሂዱበት። መብራት ሲጠፋ በምን ያያሉ? ሻማ ከሆነ ባትሪ ይገዛላቸው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ኮሪደሩ በጀሪካን ተሞልቷል? ወደ ግድግዳ ይጠጋ። ሽንት ቤቱ በራፍ ላይ የሚንሸራተት ምንጣፍ አለ? ይነሳ። ከሰል ማንደጃ አጠገብ እግራቸውን ያሞቃሉ? ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ ሲቃጠል አይሰማቸውም። ይህን ለልጅቷም ለሠራተኛዋም አስረዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት የምትሰሙትን ለማን እንድታካፍሉ እንደሚፈቅዱ ጠይቁ። "ልጄ እንዳትሰማ" የሚሉት ነገር ካለ አክብሩላቸው።

3. ፌስታሉን አስመጡ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡ የምላችሁ ለዚህ ነው። "ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ አምጡልኝ" በሉ። ከትራስ ሥር ያለውን፣ ከቡፌው ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው፣ ከልጅቷ ቦርሳ። ጎረቤት የሰጠውንም። ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ይገልበጥ።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህንን ነው። አንደኛ፣ አንድ መድኃኒት በሁለት ስም። ከጤና ጣቢያ የተሰጠው አምሎዲፒን የተባለ የግፊት መድኃኒት አለ። ከውጭ አገር ዘመድ በሰው የላከው ኖርቫስክም አለ። ሁለቱ አንድ ናቸው። እማማ ግን "ያኛው የውጭ ነው፣ ይበረታል" ብለው ሁለቱንም ይውጣሉ። ሁለተኛ፣ ማስታገሻ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የልብ ድካምን ያባብሳሉ። ኢናላፕሪል (የግፊትና የልብ መድኃኒት) እና ላሲክስ (ውሃ በሽንት የሚያስወጣ) ለሚወስድ ሰው ደግሞ ማስታገሻው ሲጨመር ሦስቱ ተገናኝተው ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያደክሙት ይችላሉ። ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ሐኪሙ በሚያዘው መጠን፣ ሞቅ ባለ ጨርቅ መያዝና ቀላል እንቅስቃሴ ይሻላል።

ሦስተኛው ረቀቅ ይላል። መድኃኒት ያመጣውን ችግር ሌላ መድኃኒት ሲያክመው ታያላችሁ። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል። እብጠቱን ያየ ሌላ ሐኪም ላሲክስ ይጨምራል። ላሲክሱ ሌሊት ሽንት ያስነሳል። ሌሊት የተነሱት እናት ጨለማ ውስጥ ይወድቃሉ። እያንዳንዱ ሐኪም የሠራው በየራሱ ልክ ነው። ሰንሰለቱ የሚታየው ፌስታሉን ለገለበጠ ሰው ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር ክኒን። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። አረጋዊ ላይ ግን፣ በተለይ ኩላሊት ከደከመ፣ ስኳርን አውርዶ ለብዙ ሰዓት ሊያቆየው ይችላል። ይህን መድኃኒት የሚወስዱ አረጋዊ ካሉ ሐኪሙ ደግሞ እንዲያስብበት ጠይቁ።

አሁን ዝርዝር አውጡ። የመድኃኒቱ ስም፣ ለምን እንደሚወሰድ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ ማን እንዳዘዘው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ማንበብ ለማይችሉት ፀሐይና ጨረቃ ሳሉ። ሳጥኖቹ ላይ የተለያየ ቀለም ክር ማሰርም ይሠራል። ነርስ በራሷ መድኃኒት አታቋርጥም። ጊዜው ያለፈበትንና ተደጋጋሚውን ግን ለይታችሁ፣ ለሐኪሙ ደውላችሁ፣ በትእዛዙ ከፌስታሉ አውጡት። ላሲክስ ጠዋት እንዲሆን ማስደረግ ብቻውን ስንት ውድቀት ያስቀራል።

ኢንሱሊን ካለ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። እንዳይረጋ ከበረዶው ክፍል ይራቅ። የተከፈተው ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ውጭ ሊቀመጥ ይችላል፤ በአብዛኛው አራት ሳምንት ያገለግላል። የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። መብራት በሚጠፋበት ወይም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እርጥብ አሸዋ የተደረገበት የሸክላ ማሰሮ ቅዝቃዜ ይይዛል።

4. እቅዱን በአንድ ገጽ አውጡ

አንድ ደብተር ይገዛ። የእማማ ደብተር ነው፤ የትም ሲሄዱ አብሮ ይሄዳል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚፈልጉት ነገር በቃላቸው ይጻፍ። ቀጥሎ የመድኃኒት ዝርዝር። ቀጥሎ የሐኪሞች ስም፣ የካርድ ቁጥሮችና የቀጠሮ ቀናት።

ግቦቹን ከሐኪሙ ጋር ወስኑ። እንደ እማማ ብዙ ሕመም ላለበት አረጋዊ ስኳርን እንደ ወጣት አጥብቆ ማውረድ ይጎዳል። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር መመሪያ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ጾም ላይ ከ90 እስከ 150 ያለ ስኳር በቂ ነው ይላል። ለእሳቸው ስኳር መውረዱ ከመጨመሩ ይልቅ ያስፈራል።

ከዚያ ሦስት ቀለም ሥሩ። አረንጓዴ፦ ትንፋሽ ደኅና ነው፣ እብጠት የለም፣ ክብደት አልጨመረም፤ እንደወትሮው ቀጥሉ። ቢጫ፦ ለነርሷ ደውሉ። ክብደት በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ ትራስ መደረብ ካስፈለገ፣ እግር ላይ ቁስል ከታየ፣ ምግብ እንቢ ካሉ ቢጫ ነው። ክብደት የሚለካው ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ ነው። ሚዛን የሌለው ቤት ቀበቶና ጫማ ይይ፤ ጫማ ሲጠብ ውሃ እየያዘ ነው።

ቀይ፦ አትጠብቁ። ተቀምጠውም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከጨመደዳቸው፣ ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ አንደበታቸው ከተሳሰረ። በድንገት መቀባዠርም ቀይ ነው። "እርጅና ነው" ብላችሁ እንዳታልፉት። ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ ልጃቸውን ካላወቁ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አረጋዊ የሳንባ ምች ይዞት ትኩሳት ላይኖረው ይችላል።

የስኳር መውረድን ሁሉም የቤት ሰው ማወቅ አለበት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብ፣ ግራ መጋባት። ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያ ከሌለ ደግሞ ምልክቱ ብቻ ካለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መስጠት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ማየት። ካልተሻላቸው መድገም። ሲሻላቸው ምግብ ማብላት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አይደረግም፤ አምቡላንስ ይጠራል።

ደብተሩ ጀርባ ላይና በሩ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የእሳትና አደጋ 939 ይጻፉ። ከሥሩ አድራሻው ይጻፍ፤ የኮንዶሚኒየሙ ሳይት ስም፣ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር፣ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ምልክት የሚሆን ቦታ። እዚህ ዳር ዳሩን አምቡላንስ ብዙ የሚቆየው ብሎክ ፍለጋ ነው። ሊፍት ስለሌለ ወደ ታች የሚያወርዷቸውን ሁለት ጠንካራ ጎረቤቶች አስቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ስልካቸውንም ጻፉ።

5. ስለ ጾም፣ ስለ ጸበልና ስለ ወጥ በግልጽ ተነጋገሩ

ይህን የሚዘል የክትትል እቅድ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እማማ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ፤ የጠዋቱን የስኳር ክኒን ግን ይውጡታል። ሐኪሙ "በልተው ይውሰዱ" ብሏል፤ መቼ እንደሚበሉ አልጠየቀም። እናንተ ጠይቁ። "አይጹሙ" ብሎ መቆጣት አይሠራም። ይደብቋችኋል።

እኔ የምመክረው ከጾሙ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ መነጋገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ትራራለች። የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ። ስለዚህ በፈቃዳቸው ለንስሐ አባታቸው ደውሉ፣ ሁኔታውን አስረዱ። ረመዳን ላይ ለሼኹ ወይም ለኢማሙ እንዲሁ። የግድ እጾማለሁ ካሉ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ይቀይር። ስኳራቸው ከወረደ ግን ጾሙ ወዲያው እንደሚቋረጥ ተስማሙ፣ ይህም በሃይማኖት አባታቸው ፊት ቢባል ይመረጣል።

ጸበልም እንዲሁ ነው። እንጦጦ ወጥተው ሱባኤ ሲገቡ መድኃኒት የሚተዉ አሉ። ጸበሉን አትቃወሙ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ጊዜ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለስኳርና ለግፊት መድኃኒትም ያው አስተሳሰብ ይሠራል። የሱባኤውን ቀናት የሚሸፍን መድኃኒት አዘጋጅታችሁ ስጡ። ልብ ድካም ላለበት ብዙ ጸበል መጠጣት ከባድ ስለሆነ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ወስኑ።

ጨው ላይ "ጨው ይቀንሱ" አይበቃም። ጨው የተቀላቀለበት በርበሬና ሽሮ ቤት ውስጥ እያለ ወጡ ላይ አለመጨመር ብዙም አይረዳም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ቀጣዩ በርበሬ ሲዘጋጅ የእማማ ድርሻ ያለ ጨው ይለይ። ወጡም ጨው ከመጨመሩ በፊት የእሳቸው በትንሽ ድስት ይውጣ። ይህን ለልጅቷም ምግብ ለምትሠራው ሠራተኛም አሳዩ፤ ማንኪያው ያለው በእነሱ እጅ ነው። ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ጥቁር አዝሙድ የሚጠቀሙ ከሆነም ሳትኮንኑ ጠይቁና ዝርዝሩ ላይ ጻፉ።

6. ሐኪሞቹን አገናኙ

ለእያንዳንዱ ሐኪም አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ያሉባቸው ሕመሞች፣ የሚወስዱት ሁሉ፣ ቤት ያያችሁት፣ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ። "ሲቆሙ ግፊታቸው በ25 ይወርዳል፣ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፣ የግፊት መድኃኒቱ ይታይልን" የሚል መስመር ከረጅም ታሪክ ይሻላል። ክትትላቸው ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ሊዛወር የሚችለውን አዛውሩ። ከዳር እስከ መሀል ከተማ የሚደረግ የታክሲ ሰልፍና ግፊያ ልብ ለደከመው ሰው ራሱ በሽታ ነው። የማይዛወረውን ቀጠሮ በአንድ ቀን ለማድረግ ሞክሩ።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላቸው የዓመቱ መዋጮ መታደሱን እዩ። ሪፈራል ወረቀት ሳይዙ ወደ ሆስፒታል እንዳይሄዱ ንገሯቸው፤ ወጪው በእነሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ካለቀ ልጅቷ ከተማውን ከመዞሯ በፊት ለከነማና ለቀይ መስቀል ፋርማሲዎች ይደወል። ገቢ ለሌላቸው ደግሞ ወረዳው ላይ የከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ይጠየቅ።

7. ከሆስፒታል ሲወጡ

በዚህ ጊዜ ተጠንቀቁ። ሰው ተሽሎት ወጣ ተብሎ እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ ለማለት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ መድኃኒቱ ግን ተቀይሯል። የመውጫ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም አላነበበውም።

በሁለት ቀን ውስጥ ደውሉ ወይም ሂዱ። ፌስታሉን እንደገና ገልብጡ። አዲሱን ዝርዝር ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፤ የቀረው፣ የተጨመረው፣ መጠኑ የተለወጠው ይለይ። አሮጌው ዝርዝር በብዕር ይሰረዝ፣ ቀኑ ይጻፍ። ያልደረሰ የምርመራ ውጤት ካለ ማን እንደሚያመጣው ወስኑ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሐኪም ይያቸው። ያስረዳችሁትን መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ፤ ግን እንደ ተማሪ አትፈትኗቸው። "ልጅዎ ማታ ስትመጣ ይህን እንዴት አድርገው ይነግሯታል?" ብትሉ ይበቃል።

8. አስታማሚዋን እዩ

ልጅቷ ሌሊት አትተኛም። ቀን ትሠራለች። ወንድሞቿ ብር ይልካሉ፤ የእሷን ድካም ግን ብር አይተካውም። እሷን ለብቻ አነጋግሩ። "አንቺስ እንዴት ነሽ?" ስትባል ብዙዎች ያለቅሳሉ። የራሷን ግፊት ለኩላት። ከዚያ ሥራውን የሚያከፋፍል አንድ የቤተሰብ ስብሰባ ጥሩ፤ ውጭ ያሉት በስልክ ይግቡ። አንዱ የመድኃኒት ወጪ ይያዝ። ሌላው የቀጠሮ ቀን ይውሰዳቸው። አንዷ በሳምንት አንድ ሌሊት ትደር። በቃል የቀረ አይሠራም፤ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ጭራሽ ሰው ለሌላቸው እንደ መቄዶንያ ያሉ ተቋማትን ማነጋገር ይቻላል።

9. ክትትሉን አታቋርጡ

ቢያንስ በወር አንዴ ደውሉ፤ ከሆስፒታል ለወጡት በየሳምንቱ። ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ እማማ ስልካቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ካርድ ከሌላቸው ሚስኮል ያድርጉ፣ እናንተ መልሳችሁ ደውሉ። ስልኩ አጭር ይሁን፤ ትንፋሽ፣ እብጠት፣ መውደቅ፣ ያለቀ መድኃኒት፣ ቀጣዩ ቀጠሮ። ሁለት ጊዜ ደውላችሁ ካልተነሳ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሩን ታንኳኳ። በየሦስት ወሩ ቤት ሄዳችሁ ፌስታሉን እንደገና እዩ፤ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይገኝበታል።

ሕመሙ እየገፋ፣ ሆስፒታል መመላለሱ ድካም ብቻ እየሆነ ሲመጣ ጥያቄውን ደግማችሁ ጠይቁ። አሁን ምን ይፈልጋሉ? ብዙዎች ቤታቸው፣ በልጆቻቸው መሀል፣ ሳያማቸው መሆን ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ የሕመምና የትንፋሽ ማጠር ማስታገሻ እንዲታዘዝላቸው ሐኪሙን ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ቤት ለቤት እንዲህ ዓይነት ክብካቤ የሚሰጡ አሉ። ቤተሰቡ "አይነገራቸው" ሊል ይችላል። እማማ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ግን ራሳቸውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዝውውር ከደረሳችሁ ወይም ፈቃድ ከወጣችሁ ሥራው በእናንተ ስልክ ውስጥ አይቅር። የክትትል ስልኩ የጤና ጣቢያው ይሁን። ለተተኪዋ እያንዳንዱን ሰው በአንድ ገጽ ጻፉላት፤ ቢጫ ላይ ያሉትን ከላይ አድርጉ። ቢያንስ እነሱ ቤት አብራችኋት ሂዱ። "እማማ፣ ከእንግዲህ የምትደውልልዎ ሲስተር እሷ ናት" በሏቸውና አዲሱን ቁጥር ደብተሩ ላይ ጽፋችሁ፣ እዚያው ሳላችሁ ደውለው እንዲሞክሩት አድርጉ።